የደም ቈጠራ በማጂ ምድር

በማጂ ገበያ የዝሆን ጥርስ በፈረሱላ፣ ጥይት በፍሬ፣ ሰውም በራስ የሚቈጠርበት ዘመን ነበረ። ይህም የሆነው እጅግ በራቀ ዘመን ሳይሆን አያቶቻችን ጐልማሶች በነበሩበት ጊዜ ነው፤ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ደቡብ ሲሄዱ የቡናው ጫካ እየሳሳ፣ ምድሩም እየተሰነጠቀ ወደ ኦሞ ቆላ በሚወርድበት ዳርቻ ላይ፣ ጉም የሚያዘወትረው የማጂ አምባ የመንግሥት ጦር የሰፈረበት፣ ነጋዴ የሚሰነብትበት፣ የባዕድ አገር ቆንስል ሳይቀር ቤት ሠርቶ የተቀመጠበት የጠረፍ ከተማ ሳለ። በደጋው እርከን እየሠሩ እንሰትና እህል የሚያበቅሉት ዲዚዎች፣ በቆላው ከብት የሚያረቡት ሱሪዎች፣ በአጠገባቸው ሜኒቶች፣ ወደ ሰሜን ደግሞ በቀድሞ ጸሐፊዎች ዘንድ ጊሚራ እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት ቤንቾችና ጐረቤቶቻቸው ይኖራሉ።

ሰውን መቍጠር በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። ንጉሥ ዳዊት እስራኤልን ባስቈጠረ ጊዜ ሰባ ሺህ ሰው በመቅሠፍት እንዳለቀ በመጽሐፈ ሳሙኤል ስለ ተጻፈ፣ ባላገሩ ልጆቹን ወይም ከብቱን በጣት እያመለከቱ ሲቈጥሩበት ደስ አይለውም፤ ስንት ልጅ አለህ ቢሉት «እግዜር ይመስገን» ብሎ ማለፍ ይወዳል። ይሁን እንጂ ትርጓሜውን የሚያስተምሩ መምህራን የዳዊትን ጥፋት በቍጥሩ ላይ ሳይሆን በልቡናው ትዕቢት ላይ ያደርጉታል፤ ቈጠራው ኃጢአት የሆነው የሠራዊቱን ብዛት አይቶ ለመመካት ነበርና። እኔም የማጂን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር ወደዚህ ትርጓሜ እመለሳለሁ። በዚያ ምድር የፈሰሰው ደም ሳይቈጠር የቀረበት ዘመን የለም፤ ነጋዴው ቈጥሮታል፣ ወታደሩ ቈጥሮታል፣ ቆንስሉ ቈጥሮታል፣ ጠላትም ቈጥሮታል። የታጣው ለማከም ብሎ የሚቈጥር ነበር።

በ1890 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ የከፋን መንግሥት በያዙ ማግሥት በዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ማለት ዛሬ ቱርካና እስከምንለው ባሕር ድረስ ሲዘምቱ፣ አሌክሳንደር ቡላቶቪች የተባለ የሩስያ ፈረሰኛ መኰንን ከሠራዊቱ ጋር ነበረ። ይህ ሰው መንገዱን በሰዓት፣ ተራራውን በከፍታ እየለካ የቀን መዝገብ ይይዝ ስለ ነበረ፣ ያየውን ሁሉ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1900 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሴንት ፒተርስበርግ አሳተመው፤ የጦሩንም ጀግንነት የሕዝቡንም ስቃይ ሳይለይ ጽፎአል። በዚያ ዘመቻ በሐይቁ አካባቢ ወታደሮች የሰለቡት አንድ ትንሽ ልጅ ወድቆ አገኘ። ቁስሉን በገዛ እጁ አክሞ፣ ከእርሱ ጋር ይዞት ተመለሰ፤ ወደ ሩስያም ወስዶ ቫሲሊ አሰኝቶ አስጠመቀው። ቡላቶቪች በኋላ ሰይፉን ጥሎ መነኰሰና አባ አንቶኒ ተባለ፤ ልጁም አድጎ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ከዚያ ሁሉ ዘመቻ አንድ ቁስለኛ ብቻ ስሙ፣ ቁስሉና መዳኑ በጽሑፍ ደረሰን። የሌሎቹ በጅምላ ቀረ።

በዚህ ላይ አንድ የቃል ነገር ላስታውስ። በግእዝ ሰለበ ማለት ገፈፈ፣ ማረከ ማለት ነው፤ ሰለባም በጥንቱ አነጋገር ገዳይ ከሟቹ ላይ ቈርጦ ወይም ገፍፎ የሚወስደው፣ በንጉሥም ፊት ጥሎ ፎክሮበት የሚሸለምበት ነገር ነበረ። ዛሬ ግን ሐኪሙም፣ ዳኛውም፣ ጋዜጠኛውም «የጥቃት ሰለባ» ሲል የሚያስበው የተበደለውን ሰው ነው። ቃሉ በአንድ ምዕት ዓመት ውስጥ ከገዳይ እጅ ወጥቶ ወደ ተጠቂው ተሻገረ። ቀድሞ ሰለባ የተቈጠረው የገዳይን ክብር ለመለካት ነበር፤ ዛሬ የሚቈጠረው የተጠቂውን ጉዳት ለማወቅ ነው። ለዚህ ድርሰት ከዚህ የሚሻል መግቢያ ልፈልግ ብል አላገኝም፤ የምጽፈው ታሪክ በሙሉ የዚያ ቃል ጉዞ ነውና።

ከዘመቻው በኋላ የመጣው ሥርዓት ግን ከዘመቻው ይልቅ ጐዳ። ወደ ማጂ የተሾመው ገዥ ደመወዝ የሚከፍልበት ገንዘብ ስለሌለው ለወታደሩ ገባር ይመራለታል፤ ወታደሩም በገባሩ ጉልበት ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይለብሳል። ሹሙ በሥፍራው እንደሚቈይ ቢያውቅ ገባሩን እንደ ላም አልቦ ባቈየው ነበር፤ ነገር ግን ሹም ሽር በየጊዜው ስለሚመጣ፣ ተሽሮ የሚሄደው ጦር ሊተካው ለሚመጣው ምንም ላለማስቀረት ሲል ገባሩን ከነቤተ ሰቡ እየነዳ ይወስደው ነበር። አዲሱ ሹም ባዶ ቀዬ ሲያገኝ ደግሞ የጐደለውን ለመሙላት ወደ ቆላው ይዘምታል፤ ለዘመቻው ጠመንጃ ያስፈልጋል፤ ጠመንጃ የሚገዛው በዝሆን ጥርስና በሰው ነው፤ የዝሆን ጥርስና ሰው የሚገኘውም በጠመንጃ ነው። ጥይት በገበያው እንደ አሞሌ የሚመነዘር ገንዘብ ሆኖ ነበር። ፒተር ጋረትሰን የተባለው የታሪክ ሊቅ በ1986 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ስለ ማጂ ጠረፍ ያሳተመውን ጥናት የክፋት ዑደት ብሎ የሰየመው ይህን አይቶ ነው፤ የዝሆን ጥርስ፣ ባሪያና መሣሪያ እርስ በርሳቸው እየተወላለዱ የሚዞሩበት ዑደት። በ1904 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ወደ ጊሚራ በዘመቱ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው ተማርኮ እንደ ተነዳ፣ ከዚያም ብዙው በመንገድ በበሽታና በረኃብ እንዳለቀ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ዲዚዎችም ቀድሞ ደጋውን ሞልተውት የነበሩ ሲሆኑ በአንድ ትውልድ ውስጥ ተመናመኑ።

ይህን ሁሉ ያየና የጻፈ አልጠፋም። ሄንሪ ዳርሊ የተባለው የእንግሊዝ የጠረፍ ወኪል በ1926፣ በማጂ ቆንስል የነበረው አርኖልድ ሆድሰንም በ1927 እና በ1929 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መጻሕፍት አሳተሙ። መንደር የጠፋበትን፣ ሰንሰለት የታየበትን፣ በመንገድ ዳር ሬሳ የቀረበትን መዝግበዋል። ምስክርነታቸውን ውሸት ብሎ መጣል አይቻልም። ነገር ግን ቆንስሉ ማጂ ላይ የተቀመጠው የዲዚ እናት ልጇን ስላጣች አልነበረም፤ ከኢትዮጵያ ጠረፍ ተሻግሮ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በሱዳን ግዛት የሚዘርፈውን ሽፍታ ለመቈጣጠር፣ የዝሆን ጥርሱም በማን በኩል እንደሚያልፍ ለማወቅ ነበር። መዝገቡ ወደ ለንደን ሄደ፤ ወደ ማጂ የተመለሰ ፋሻ ግን አልነበረም።

ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የባሪያ ንግድ ነገር ብዙ አከራከረ፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንም በዚያው ዓመት በመጋቢት ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበትን ሕግ አወጡ፤ በ1923 ደግሞ ሕጉን አጠነከሩት። ሕግ ከአዲስ አበባ እስከ ማጂ በበቅሎ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅበት የሚያውቅ ሰው ውጤቱ ለምን እንደ ዘገየ አይጠይቅም። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው በነሐሴ 1927 መጨረሻ የሆነው ነው። ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን ሊወር በተሰናዳበት ሰዓት በጄኔቫ የክስ መዝገብ አቀረበ፤ ከክሱም ዋነኛው የባሪያ ንግድ ነበር። የማጂና የጊሚራ መከራ፣ ሐኪም ሳያየው፣ ዳኛ ሳይፈርድለት፣ በሌባ እጅ የክስ ማስረጃ ሆኖ ተነበበ። ከዚያም ከሳሹ ራሱ የመርዝ ጢስ በአውሮፕላን እያፈሰሰ መጣ። የሰውን ቁስል የቈጠረ ሁሉ የቁስለኛው ወዳጅ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ በታሪካችን አላውቅም፤ ዛሬም ስለ ጥቃት ጥናት የሚማር ተማሪ የመጀመሪያ ትምህርቱ ይህ ቢሆን እወዳለሁ።

ከነጻነት በኋላ በነሐሴ 1934 ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ ተሻረ። ማጂም በከፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ሆነች። የጤና ትምህርትም በዚያው ትውልድ ተወለደ፤ በ1945 አካባቢ በደምቢያ ሜዳ በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7 ሺህ ያህል ሰው ካለቀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኰንኖችን፣ የማኅበረ ሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያስመርቅ ጀመር። እነዚህ ወጣቶች በየጠረፉ ተበትነው የሠሩትን ሥራ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። የተማሩት ግን ጕድጓድ ሽንት ቤት ማስቈፈርን፣ ክትባትን፣ ወባን፣ የእናቶችን ወሊድ ነበር። ጥቃት በደዌ መጽሐፍ ውስጥ ስም አልነበረውም። የተወጋ ሰው በመጣ ጊዜ በመዝገቡ ላይ «የሆድ ቁስል» ተብሎ ይጻፋል፤ ክንዷ የተሰበረ ሴት በመጣች ጊዜ «ስብራት» ይባላል፤ ማን እንደ ወጋው፣ በምን እንደ ወጋው፣ ለምን እንደ ወጋው፣ ከዚህ በፊትም ስንት ጊዜ እንደ ተመታች የፖሊስ ወይም የሽማግሌ ነገር እንጂ የሐኪም ነገር አይደለም ተብሎ ይታለፋል። መዝገቡ አጥንቱን አይቶ እጁን አላየም።

እንዲህ ሲባል ግን የማጂ ሕዝብ ራሱ ጥቃትን የሚገታበት ጥበብ አልነበረውም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ከከተሜው ይልቅ እርሱ በዚህ ነገር ብዙ አስቦበታል። የሱሪ ወጣቶች መከር ከገባ በኋላ የሚገጥሙት የዱላ ፍልሚያ፣ በእነርሱ ቋንቋ ሳጊኔ የሚባለው፣ ለሩቅ ተመልካች ጭካኔ ይመስላል፤ ቀርቦ ላየው ግን በዳኞች የሚመራ፣ የወደቀውን መምታት የተከለከለበት፣ መግደል ፈጽሞ የተወገዘበት ሥርዓት ነው። ሰው ቢሞት የገዳይ ወገን ካሣ ይከፍላል፤ በእርድ ደም የመንጻት ሥርዓትም ይፈጸማል። ዲዚና ሱሪም በጥንት ትውፊት የተሳሰሩ፣ በጋብቻና በገበያ የሚገናኙ፣ ስለ ዝናምም የሚፈላለጉ ጐረቤቶች ነበሩ፤ ጠብ ቢነሣ የሁለቱ ወገን አለቆች ከብት አርደው ያስታርቁ ነበር።

ይህን ሥርዓት የሰበረው ከውጭ የመጣ ነገር ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሱዳን የርስ በርስ ጦርነት ሲቀጣጠል ክላሽንኮቭ በገፍ ወደ ኦሞ ሸለቆ ፈሰሰ፤ አስቀድመው የታጠቁት ጐረቤቶቻቸው ኛንጋቶሞች ሱሪዎችን ከጥንት ግጦሻቸው ገፏቸው፤ ሱሪዎችም ወደ ዲዚዎች ደጋ ተጠጉ፤ ከዚያ በወርቅና በከብት ራሳቸውም ታጠቁ። ሆላንዳዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ዮን አቢንክ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሱሪዎችና በሜኒቶች መካከል እየኖረ ያጠናው ይህንኑ ነው፤ በ2000 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው ጽሑፍም በሱሪ፣ በዲዚና በመንግሥት መካከል የዕርቅ ሥርዓት እንዴት እንደ ተናጋ አሳይቶአል። በዱላው ሜዳ ላይ ጥይት መተኮስ ተጀመረ፤ ሽማግሌ የሚናገረውን ጐረምሳው አይሰማም አለ፤ የዱላ ቁስል የለመደ ካሣ የጥይት ሞት ሲበዛበት አልበቃ አለ። ከጋረትሰን ዑደት ጋር ያስተያዩት፤ በአያት ዘመን ወጨፎና ናስማስር የዝሆን ጥርስን ተከትሎ ገባ፣ በልጅ ልጅ ዘመን ክላሽ ወርቅን ተከትሎ ገባ። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ዑደቱ ያው ነው።

እንግዲህ ወደ ሐኪሞቹ ልመለስ። በግንቦት 1988 ዓ.ም. በጄኔቫ የተሰበሰበው የዓለም ጤና ጉባኤ ጥቃት በዓለም ሁሉ የሕዝብ ጤና ችግር ነው ብሎ ወሰነ። ይህ ውሳኔ በወረቀት ላይ ሲያዩት ደረቅ ነው፤ ትርጕሙ ግን ትልቅ ነበር። ነፍስ ግድያና ድብደባ የዳኛና የካህን ጉዳይ ብቻ መሆናቸው ቀርቶ እንደ ወባ ምንጫቸው የሚፈለግ፣ መስፋፋታቸው የሚለካ፣ መከላከያ የሚሞከርላቸው ደዌ ሆኑ። በ1995 መስከረም የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ጥቃትና ጤና የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ዘገባ አወጣ፤ በ2005 እንደ አውሮፓ አቈጣጠርም ለጤና ባለሙያዎች የሚሰጥ የጉዳትና የጥቃት መከላከል ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጀ። ትምህርቱ አራት ነገር ያስተምራል፤ ጥቃቱ ስንት እንደ ሆነና በማን ላይ እንደሚደርስ ማወቅ፣ ምክንያቱን መፈለግ፣ መከላከያ መሞከር፣ የሠራውን ማስፋት። የክፋትም ምንጭ በአንድ ሰው ጠባይ ብቻ ሳይሆን በቤቱ፣ በመንደሩና በአገሩ ሥርዓት ውስጥ እንደሚፈለግ ያመለክታል። የማጂን ታሪክ ያነበበ ተማሪ ይህ አዲስ አይሆንበትም፤ ሹም ሽርና የጥይት ገበያ ምን እንዳደረጉ አይቶአልና።

በእኛ አገር ግን ይህ ትምህርት ከመጽሐፍ አልተጀመረም፤ ከቡታጅራ ቤቶች ተጀመረ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረ ሰብ ጤና መምህራን ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው በ1979 ዓ.ም. በቡታጅራ ዙሪያ ዐሥር ቀበሌዎችን መርጠው የሚወለደውንና የሚሞተውን ሁሉ በየቤቱ እየዞሩ መመዝገብ ጀምረው ነበር። በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ብዙ ተማሪ ሠለጠነ። የዓለም ጤና ድርጅት በዐሥር አገሮች የሴቶችን ጤናና በቤት ውስጥ የሚደርስባቸውን ጥቃት ሲያስጠና ኢትዮጵያ ውስጥ የተመረጠው ሥፍራ ይኸው ቡታጅራ ሆነ፤ ሥራውንም የጎማወርቅ ጐሳዬ፣ ነጉሤ ደየሳ፣ የማነ ብርሃኔ፣ አታላይ ዓለምና የስዊድን ባልደረቦቻቸው መሩት።

የዚህን ጥናት አሠራር በዝርዝር መንገር እወዳለሁ፤ ጥበቡ ያለው ከቍጥሩ ይልቅ በአጠያየቁ ነውና። ጠያቂዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ ሥልጠናቸውም ሦስት ሳምንት ያህል የፈጀ ሲሆን ከወረቀት አሞላል በፊት ራሳቸው ስለ ጥቃት ያላቸውን አስተሳሰብ እንዲመረምሩ፣ ያለ ፍርድ እንዲሰሙ፣ የሚያለቅሰውን እንዴት እንደሚያጽናኑ፣ ርዳታ ወዴት እንደሚገኝ እንዲያውቁ ያደረገ ነበር። ጥናቱ በሕዝብ ፊት የሚጠራው በጥቃት ስም አልነበረም፤ የሴቶች ጤናና የሕይወት ገጠመኝ ጥናት ተባለ፣ ባል ወይም አማት ሰምቶ ተጠያቂዋን እንዳይቀጣት። ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ትጠየቃለች፤ ብቻዋን፤ ሰው ድንገት ቢገባ ጠያቂዋ ገጹን ገልብጣ ወደማያስፈራ ጥያቄ ትሸጋገራለች። አንድ የጤና ተመራማሪ የሚለካበት ሚዛን ይህ ይመስለኛል፤ ጥያቄው ራሱ ሌላ ዱላ እንዳይሆን መጠንቀቅ። ዳርሊም ሆድሰንም ይህን አላሰቡትም፤ ማሰብም አልተፈለገባቸውም።

በዚህ ዐይነት 3,016 ሴቶች ተጠየቁ። በ1998 ዓ.ም. በኅዳር ዘገባው ሲወጣ፣ ባል ወይም ጓደኛ ከነበራቸው የቡታጅራ ሴቶች ከመቶ 71 ያህሉ በዕድሜያቸው የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ወይም ሁለቱም ከዚያው ሰው ደርሶባቸው ተገኘ፤ በጥናቱ ከተካተቱት ሥፍራዎች ሁሉ ከፍተኛው ይህ ነበር፣ ዝቅተኛው በጃፓን ከተማ ከመቶ 15 ነበረ። ከአገር ወደ አገር ቢለያይም፣ ከተጠቁት መካከል ከአምስት አንዷ እስከ ከሦስት ሁለቱ፣ ከዚያ ቀን በፊት ለማንም ትንፍሽ ብለው አያውቁም። የገዛ አገራችን ሐኪሞች፣ በገዛ ቋንቋችን ጠይቀው፣ ስንኖርበት ያላየነውን አሳዩን። ይህን ቍጥር ሰምቶ «ቡታጅራ ነው እንጂ እኛ ዘንድ የለም» የሚል የሌላ አገር ሰው ቢኖር፣ እርሱ ዘንድ ሄዶ የጠየቀ አለመኖሩን እንጂ ጥቃት አለመኖሩን አያስረዳም። በ1997 ግንቦት የጸናው አዲሱ የወንጀል ሕግ በቤት ውስጥ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በስሙ ጠርቶ ወንጀል አደረገ፤ በ2008 በመላ አገሪቱ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናትም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ጠይቆ፣ ያገቡ ወይም አግብተው ከነበሩት ሴቶች ከመቶ 34 ያህሉ በባላቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት እንደ ደረሰባቸው አወቀ።

ወደ ደቡብ ምዕራቡ ስንመለስ፣ በ1975 አካባቢ የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋም ተማሪውን ገና ከመጀመሪያ ዓመት ወደ መንደር እያወጣ ማስተማርን ልማድ አደረገ፤ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር፣ በኋላም በአማን የጤና ሳይንስ ትምህርቱን ሲያስፋፋ፣ የማጂ ልጅ ሐኪም ወይም የጤና ተመራማሪ ለመሆን የግድ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ መሄድ ቀረለት። በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። በኅዳር 2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ማጂ በምዕራብ ኦሞ ዞን ውስጥ ሆነች። ቀድሞ ያልነበረ ሁሉ አለ ማለት ይቻላል።

ይሁንና ከቡታጅራ ተነሥቶ ወደ ማጂ መሄድ መንገድ መቀጠል ብቻ አይደለም። በቡታጅራ ያጠኑት በአንድ ቤት ውስጥ ያለውን ጥቃት ነበር፤ በማጂ ግን ጥቃቱ በቤትም፣ በሜዳም፣ በገበያም፣ በወርቅ ማውጫም አለ፤ አንዱን ከሌላው ለይቶ የሚያጠና ሰው የዑደቱን አንድ ጥርስ ይዞ መንኰራኵሩን ያወቀ ይመስለዋል። አስተርጓሚ ቢፈልግ አስተርጓሚው ከአንደኛው ወገን ነው፤ የዲዚ እናት በሱሪ አፍ፣ የሱሪ እረኛም በዲዚ አፍ ልቡን አይገልጥም። ሳጊኔን እንደ ወንጀል ቈጥሮ ከጥይት ሞት ጋር በአንድ መስመር የሚጽፍ ተማሪ፣ መከላከያ የሆነውን ከበሽታው ጋር ያምታታል። የሞተበትን ቤተ ሰብ ጠይቆ የሞቱን ምክንያት መመዝገብ ሐኪም በሌለበት አገር የታወቀ ዘዴ ነው፤ በደመኛ አገር ግን «ማን ገደለው» ብሎ መጠየቅ በቀልን ማስታወስ ሊሆን ይችላልና፣ ጥያቄው በምን ቃል፣ በማን ፊት፣ ከለቅሶው ስንት ቀን በኋላ እንደሚጠየቅ ከሽማግሌዎች ጋር አስቀድሞ መመካከር ያስፈልጋል። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ በጄኔቫ አይገኝም። የሚያስተምሩት የዲዚ ባላባቶችና የሱሪ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነርሱም የተማሪው ጥያቄ ተጠያቂዎች ብቻ ሳይሆኑ የተማሪው መምህራን ሆነው በክፍል ውስጥ ወንበር ቢሰጣቸው ለአማን የጤና ትምህርት ቤት ክብር እንጂ ውርደት አይሆንም። መዝገቡም ተጠናቅቆ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ አገር መጽሔት ከመላኩ በፊት በማጂ ገበያ ቀን፣ ለተጠየቁት ሰዎች፣ በቋንቋቸው ይነበብላቸው። የቆንስሉ መዝገብ ያላደረገው ይህ ነውና።

ዛሬ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች አማካይነት የሚወለደውንና የሚሞተውን፣ የሞቱንም ምክንያት ጭምር በየቤቱ እየዞሩ ለብዙ ዓመት ከመዘገቡት የታወቁ የጥናት ሥፍራዎች ስድስቱ ቡታጅራ፣ ዳባት፣ ግልገል ጊቤ፣ ቀርሳ፣ ክልተ አውላዕሎና አርባ ምንጭ ናቸው። ከእነዚህ ለማጂ የሚቀርቡት የጅማው ግልገል ጊቤና አርባ ምንጭ ሲሆኑ፣ ከአንዱም ቢሆን የማጂ አምባ አይታይም።